ግራ ጫማ

አየሁህ፤ አትሽሽ።
ሦስት ቀን ሙሉ ከደጄ ስትቆም፣
ያንን አንድ ጫማ በዓይንህ ስትስም፤
ዛሬ እጅህ ደፈረ፣ ዛሬ ልብህ ቆርጧል፣
ዘበኛ አልጠራም፤ ግባ፣ ዝናብ መጥቷል።
የሆባርት ዝናብ ከደቡብ ሲነሳ
አይምርም ሸራ፣ አይምርም አንካሳ።
ተቀመጥ እዚያ ጋ፣ ከቆዳው ክምር ላይ፤
እግርህን ዘርጋልኝ፣ ቁስሉን እኔም ልይ።

እኔም በአንተ ዕድሜ፣ ዐሥራ ሁለት ሳልሞላ፣
ኖርዊች ገበያ ውስጥ፣ ከሥጋ ቤቱ ኋላ፣
እግሬን በጆንያ ጠቅልዬ ስዞር፣
እህቴ ዶርካስም ስትከተለኝ፣ ያው በጆንያ እግር፣
ጎዝሊንግ ጫማ ሰፊው ግራውን ሰቅሏል፣
ቀኙን ግን ከውስጥ በቁልፍ ቆልፏል።
ብልጥ ነው፤ አንድ እግር ጫማ ማን ይሰርቃል?

እኔ።
ግራ የገባው ልጅ ግራ ጫማ ሰረቀ፤
ሃያ እርምጃ ሳይሄድ አንገቱ ታነቀ።

ዳኛው የፈረስ ጭራ ከራሱ ላይ ደፍቶ፣
ያን ብቸኛ ጫማ በሁለት ጣት አንስቶ፣
«በአንድ እግር ጫማ ምን ልታደርግ ነው?» አለኝ።
የእውነት ጥያቄ መሰለኝ።
«በተራ ነው ጌታዬ፤
አንድ ቀን ለእኔ ነው፣ አንድ ቀን ለእሷ ነው፤
ከአራቱ እግራችን አንዱ እንኳ ቢሞቅ ነው።»
አዳራሹ ሳቀ። ጸሐፊውም ሳቀ።
ሳቁ ሳይበርድ ገና ሰባት ዓመት ወደቀ።
ለአንድ ጫማ ሰባት! ለጥንድ ቢሆን ኖሮ
ዐሥራ አራት ነበራ፣ ብዬ አሰላሁ ያኔ፣ እግሬ በብረት ታስሮ።
(ብረቱስ ጥንድ ነው፤ ለብረት አይሰስቱም፣
ግራና ቀኝ አርገው ሲያጠልቁ አይሳሳቱም።)

ከዚያ የበሰበሰ መርከብ፣ የቴምስ ጭቃ ላይ የተኛ፤
ከዚያ የሚሄድ መርከብ፣ አራት ወር ከግማሽ።
ከእኔ በታች የሚተኛ ኢኖክ የሚሉት ልጅ፣
ማንኪያ የሰረቀ፣
ሌሊት ሌሊት እናቱን በሹክሹክታ የሚጠራ፣
አንድ ማለዳ ዝም አለ።
በሸራ ሰፍተው፣ ድንጋይ አስረው ለባሕር ሰጡት።
ሸራው ሳይዘጋ አየሁ፤
ባዶ እግሩን ነበር።

ደረስን።
ዛፉ ቅጠል ትቶ ቅርፊቱን ያረግፋል፣
ዝይው እንደ ቄስ ጥቁር ለብሶ ይንሳፈፋል፤
«አገሩ ቅኝ ነው» ሲሉኝ «ቀኝ» መሰለኝ፣
ከግራ ተነሥቼ ቀኝ መድረሴ ገረመኝ።

የልጆች እስር ቤት፣ ከገደል አፍ ላይ፣
ማዕበሉ ከታች ሌት ተቀን ሲያገሳ፤
እዚያ ምን እንዳስተማሩኝ ታውቃለህ?
ጫማ መስፋት።
ሳቅ፣ እሺ፣ ሳቅ። እኔም ስቄያለሁ።
ወስፌው ጣቴን ሲወጋ፣ ክሬን በሰም ስቀባ፣
ሰሙ ለእኔ ቀረ፣ ወርቁ የሰው ኪስ ገባ።

ማታ ማታ ግን ከተጣለ ቁርጥራጭ
የዚያን ግራ ጫማ ቀኙን ሰፋሁ።
ከትዝታ ነው የለካሁት፤ ሰባት የክር ቀዳዳ፣
ተረከዙ ላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠች ናስ።
ሲያልቅ ልክ እሱን መሰለ።
ሲያልቅ እግሬ አድጎ ነበር።

ዶርካስም አድጋ ይሆናል።
ወይም አላደገች ይሆናል።
ሦስት ደብዳቤ ጻፍሁ፤ አጻፍሁ፣ እውነቱን ልንገርህ፣
ፊደል አልቆጠርሁም።
ባሕሩም አልቆጠረ መሰለኝ።

እና ያ ዓይንህ የበላው ጫማ እሱ ነው፤
ብቻውን የሰቀልሁት ለሌባ ብልሃት አይደለም፤
ምናልባት አንዲት ሴት ከመርከብ ወርዳ፣ መጥታ፣
«ግራው እኔ ጋ ነው» ትለኝ እንደሆን ነው፣ በሬን አንኳኩታ።
ግራው ለጎዝሊንግ እንደተመለሰ አውቃለሁ።
ቢሆንም።

እሱን አልሰጥህም።
ይልቅ እግርህን ወዲህ በል፤ ገመዱን አቀብለኝ።
ዋጋው ወለሉን መጥረግ ነው፣ ነገ ጠዋት፤
ባትመጣም ዳኛ አልጠራብህ።
ይኸው፣ ጨረስን። በል፣ ቀኝ ያውልህ።

ቆይ እንጂ፣ ወዴት ነው?
ግራህ ገና አልተለካም።