ስድስተኛው ማሽን

ሀኮዳቴ ወደብ፣ ከመርከቡ ማዶ፣
ከበሯ አናት ላይ አምፖሉ ተንጋዶ፣
አንዲት ጌም ቤት አለች፣ እዚያ ነው ሥራዬ፤
ሳንቲም ስዘረዝር አለቀ ዕድሜዬ።

ሱሚኤ ትመጣለች ማታ በሦስት ሰዓት፣
የዓሣው ፋብሪካ ፈረቃው ሲያልቅላት፤
ቅርፊት አለ ገና ክርኗ ላይ የቀረ፣
ጣቷ በቅዝቃዜ እንደ ገመድ ከርሮ።
«ሦስት መቶ» ትላለች። ሌላ ቃል የላትም።
በዐሥራ አንድ ዓመት ሌላ አልሰማሁም።

ስድስተኛው ማሽን፣ ሽንት ቤቱ ጥግ ያለው፣
መሐለኛው ቁልፉ ሁለቴ ካልጫኑት እሺ የማይለው፣
እሱ ጋ ነው ቦታዋ።
ሃያ አንድ ጎረምሳ፣ ጡንቻ እየነፋ፣ «ምረጪኝ» ቢላት፣
እሷ ያን ጎባጣ፣ ነጭ ጢም፣ ቀይ መቀነት፣
ሽማግሌውን ነው፤ ሌላው አይታያት።
አንድ ቡጢ፣ ዝቅ፣ ርግጫ፣ መለስ፣
ጠላት እስኪነሣ ትንሽ መተንፈስ፤
ሰባት ፎቅ ይወጣል። ስምንተኛው ላይ ግን
ብረት ለበስ አለ፤
ይጥላል ሽማግሌውን።

የቤቱ ባለቤት፣ ካንጂሮ፣ ጠየቃት፦
«ብቻሽን ምን ያስገጥምሻል?
ቅዳሜ ስንት ልጅ ይመጣል» አላት።
ለሱ ሳይሆን ለእጀታው፣ እየወለወለች፣
እንዲህ አለች፦
«ሰው ሲጥለኝ ያየኛል። የወደቀ ፊቴን።
ወይ ያዝንልኛል፣ ወይ ያወራል ሽንፈቴን።
ይሄ ግን ይመታኛል፤ ስሜን እንኳ አይጠይቅም፣
‹ለምን አላገባሽም› ብሎኝም አያውቅም፤
ብወድቅ አይመጻደቅ፣ ብነሣ አይቀየም።
ደግሞ…» አለችና ዝም።

«ደግሞ» ያለችውን ከመስኮቴ ሆኜ ቆይቼ ደረስኩበት፦
ሽማግሌው ሲወድቅ ስክሪኑ ይጠቁራል፣
ዐሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት… ቁጥሩ ይወርዳል፣
ከሥሩ በቢጫ እንዲህ ይጻፋል፦
«ትቀጥያለሽ?»

እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።
ከመርከብ ሥራዬ ሲያሰናብቱኝም፣
ሚስቴ ሻንጣ ይዛ ደጃፉን ስትወጣ፣
በሩ ተዘጋ እንጂ ዐሥር ሰከንድ አልመጣ።

የካቲት ላይ፣ በረዶ መርከቡን ባስቀረው ሌሊት፣
አንድ መንገደኛ ልጅ ከማሽኑ ጀርባ ባለው ወንበር ተቀመጠ፣
ሳንቲም ጨመረ።
ብረቱ በመሐል ነው፤ አይተያዩም።
«ተጋጣሚ መጣ» አለ ስክሪኑ።
ትነሣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሣችም።
አንደኛውን ዙር በላችው። ሁለተኛው ላይ፣
አንድ ጡጫ ብቻ ሲቀረው ሊወድቅ፣
ከብረቱ ማዶ
ሳል ተሰማ፤ ደረቅ።

የሰው ሳል።

እጇ ቁልፉ ላይ ቀረ። ሽማግሌው ቆመ።
ልጁ መታው። ደገመ።
ሦስተኛውንም ዙር ቆሞ ተቀበለ።
ዐሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት… ሳንቲም አልጨመረችም፤
ኮቷን ደርባ ወጣች፣ ወደ ኋላ አላየችም።

በማግስቱ ማታ፣ ያው በሦስት ሰዓት፣
«አራት መቶ» አለችኝ።
ምነው አላልኳትም። ቆጥሬ ሰጠኋት።
ከማሽኑ ጀርባ ዞራ፣ ባዶው ወንበር ፊት፣
አንዷን ሳንቲም ጠርዙ ላይ አኖረቻት፤
ከዚያ ወደ ቦታዋ፣
ወደ ሽማግሌዋ፣
ስምንተኛው ፎቅ ላይ እንደ ልማዷ ልትሸነፍ።