የጭራው ወረቀት

ሱሉልታ ሲነጋ ውርጭ አለ በሣሩ፣
ሲኖትራክ ያጓራል ካስፋልቱ ከዳሩ፤
እኔ እጄን እያሸሁ ከቆርቆሮው ቤቴ፣
የዋንዛ ፍቅፋቂ ተከምሮ ከፊቴ፣
ሦስቱን መሰንቆዎች በብርድ ልብስ ጠቅልዬ
ከእንጦጦ ወዲያ ወረድኩ፣ ቀላል ነው ነገሩ ብዬ።

ኦስሎ ያለች አንዲት የሙዚቃ መምህር
ጽፋልኝ ነበረ፦ "ከነነፍሱ ይምጣ፣ እንዳትቀይር፤
ናይለን አልፈልግም፣ የፈረስ ጭራ አድርገው፣
የፍየሉን ሽታ እንኳ እንዳለ ተወው።"

ጭራውስ የቡላ ነው፣ የኦቦ ሁንዴ ፈረስ፣
ድርቆሽ ሲስብ ኖሮ ከጫንጮ እዚህ ድረስ፤
ገብስ ሰጥቼው ጧት ጭራውን ስሸልት
አንዴ ዞሮ አየኝ፣ እንደ ሰው፣ በትዝብት።

መስኮት አንድ።
"ዕቃው ምንድን ነው?"
"መሰንቆ።"
"እሱንማ አየሁ፤ ከምን ተሠራ?"
"ከዋንዛ፣ ከፍየል ቆዳ፣ ከፈረስ ጭራ።"
ብዕሩን አቆመ። "ፈረስ?
ይኼ የእንስሳት ነው፤ መስኮት አራት ድረስ።"

መስኮት አራት ላይ ወይዘሮ ትርሲት
መነጽሯን አውልቃ፣ "ፈረሱ አለ በሕይወት?"
"አለ፣ እመቤቴ፣ ጋሪ ይጎትታል።"
"ተከትቧል?"
"እሱን እንኳ፣ ባለቤቱን ልጠይቅ…"
"ያልተከተበ ፈረስ ጭራው አገር አይለቅ!
ሐኪም ይፈርምለት፣ ማኅተም ይምታበት፣
ፍየሏም የታረደች ቀኗ ይጻፍበት።"

ተመለስኩ ሱሉልታ፣ ወደ ዶክተር ጅሬኛ።
ጥርሱን ገልጦ አየው፤ ኮቴውን አነሣ፤
ከዚያም ጻፈለት፦ "ዕድሜ አሥራ አንድ፣ ጤነኛ፣
ቀለሙ ቡላ፣ ጠባዩ ዝምተኛ።"
ልጄ ስትወለድ እንኳ እንዲህ ያለ ወረቀት አላወጣሁላትም።

ለዋንዛው ደግሞ ጭስ፤ ነቀዝ እንዳይሻገር።
ለጭሱ ደረሰኝ።
ለደረሰኙ ቅጂ።
ከዚያ የቅርስ ነገር።

"ይኼ አሮጌ ነው" አለኝ አንድ ወጣት፣ "ቅርስ ከሆነ አይወጣም።"
ጥፋቱ የራሴ። ጥላሸት በኑግ ዘይት ለውሼ
ሽማግሌ እንዲመስል እንጨቱን አብሼ፣
ሃያ ዓመት ሙሉ "ያባቶች ነው" እያልኩ ስሸጥ፣
ያን ቀን፣ "የጥቅምት ነው፣ እርጥብ ነው" ብዬ ስለማመጥ፣
ልጁ በጣቱ አሸው፤ ጣቱ ጠቆረ፤ ሳቀ፤
አዲስ መሆኑን በገዛ ጥላሸቴ አወቀ።
"ቅርስ አይደለም" የሚል ማኅተም መታልኝ፤
ደስ ብሎኝ ወጣሁ።
ደጅ ስደርስ ግን፣ እንጃ፣ አንድ ነገር ከፋኝ።

የመጨረሻው ፈታሽ ሆዱን አንኳኳው።
"ውስጡ ምን አለ?"
"ምንም የለ፣ ባዶ ነው።"
"ባዶ ከሆነ ታዲያ ለምን ይጮኻል?"
መልስ አጣሁ።
ምላጭ አወጣና የዳሩን ቀደደ፤
አቧራ ብቻ ነው ከውስጡ የወረደ።
"ይቅርታ፣ አባቴ" አለኝ፤ ያው ሥራው ነውና፤
"ሦስት" ያለውን ሰርዞ "ሁለት" ጻፈና
ሳጥኑን አሳለፈው።
ሚዛኑ ሦስት ኪሎ፤ ሒሳቡ አሥራ አንድ ሆነ።
"በስፋቱ ነው" አሉኝ፤ ባዶው ተመዘነ።

አሥር ሰዓት ግድም ሱሉልታ ስገባ
ቡላ ከጋሪው ተፈትቶ ቆሟል በኦቦ ሁንዴ ግቢ፤
ዝንብ ጎኑን ወርሶታል።
ጉቶውን ያወዛውዛል፤
አይደርስለትም።
ጭራው አሁን በሰማይ፣ በስሙ፣ በማኅተሙ፣
ዝንብ ወደሌለበት ብርድ እየበረረ ነው፤
ዝንቡ ግን እዚህ ቀርቷል፣ ማንም ወረቀት አልጠየቀው።

የተቀደደውን መሰንቆ አጥሩ ሥር አቆምኩ፤
ከኪሴ ኮፒውን፣ ባለሦስት ማኅተሙን አወጣሁ፤
"ዕድሜ አሥራ አንድ፣ ጤነኛ፣ ጠባዩ ዝምተኛ" የሚለውን፤
በእሱ እያራገብኩ፣ "እሽ" እያልኩለት፣
ቀኝ ጎኑን፣ ከዚያ ግራውን፣
እስኪጨልም ቆየሁ።
አንዴ ዞሮ አየኝ።