ኮፒሊያ

ላፑዋ ወንዝ ዳር፣ ምድሩ እንደ ገበታ በተዘረጋበት፣
የሰኔ ፀሐይ «አልገባም» ብላ ደጅ በምታመሽበት፣
ኦይቫ፣ የላም ማለቢያ መኪና ሲጠግን የኖረ፣
ጡረታ በወጣ በማግስቱ ክንፍ መሥራት ጀመረ።

ላሞቹ ከተሸጡ ወዲህ በረቱ ባዶውን ነበር፤
ሰባት ክረምት እዚያ ከረመ፣ ቧንቧ ሲሞርድ፣ ሲሰረስር።
አጥንቷ አሉሚኒየም፣ ገላዋ ሸራ የለበሰ፣
ሞተሯ በረዶ ላይ ከሚንሸራተት ብስክሌት የተወረሰ።

እህቱ ራውኒ ልብስ ሰፊ ናት፤ ክንፉን የሰፋችው እሷ፤
«የሙሽራ ቀሚስ ቢተረተር» አለች፣ ክሩን በጥሳ በጥርሷ፣
«ሰው ይስቃል፤ ይኼ ቢተረተር ግን ለቅሶ ነው።»
አንዱን ጎን ፈትታ፣ እንደገና ሰፋችው።

ያኔ የጎረቤት ልጅ ነኝ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ስሜ ኤሳ፤
ሥራዬ ዘይት በቤንዚን መለካት፣ አንድ ለሃምሳ፣
ፒንሳ ማቀበል፣ ዳዶ ማጥበቅ፣
እሱ ሲያስብ አፍ ይዞ መጠበቅ።
ኦይቫ ቃል አያባክንም፤ አንዷን ብቻ ይደጋግማል፦
«ሰማይ ማንንም አይጠላም፣ ማንንም አይወድም፤
አንተ ያልቆጠርከውን ይቆጥራል።»

ቅዳሜ መንደሩ ወጣ፣ ወንበሩን ይዞ ከነውሻው፤
ቋሊማ ተጠበሰ፤ ካሜራውን ደገነ የጋዜጣው ሰው።
ነፋስ ጠቋሚው ከረጢት እንጨቱ ላይ ተኝቷል፤
እንዲህ ያለ ቀን በዓመት ስንቴ ይገኛል?

ኦይቫ ግን ወረቀቱን አወጣ፣ በዘይት የወዛውን፣
ሠላሳ ስምንት መስመር፣ በቃሉ የሚያውቀውን።
«በቃሉ የሚያውቅ ይዘላል» ይላል፣ «የሚያነብ ይደርሳል።»
ካንዴላ። የቤንዚን ማጣሪያ። ጎማ። የወንበር ቀበቶ።
የክንፉን ጫፍ ነቀነቀ፣ ጆሮውን አስጠግቶ።

ጭራው ጋ ሲደርስ ቆመ።
ተንበረከከ።
መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።
ቆየ። አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ ቋሊማው አረረ።
ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ፤
«ዛሬ አትበርም» አለ።
በቃ።

«ፈራ» አለ አንዱ፤ በጆሮዬ ሰማሁት።
ወንበሮች ታጠፉ፤ ሣሩ ላይ የቀረው የአመድ ሽታ ነው።
ራውኒ ምንም ሳትጠይቅ የበረቱን በር ከፈተችው።

ውስጥ ሁለታችን ስንቀር፣ መዳፌን ዘርግቶ
አንዲት ነገር አኖረባት፣ ከጥፍሬ የማትረዝም፤
ኮፒሊያ።

የጭራውን ዳዶ ሐሙስ ማታ ያሰርኩት እኔ ነኝ።
ስልኬ ጮኸ፤ ሳቅኩ፤ ወጣሁ፤
ስመለስ የሠራሁ መሰለኝ።
ቀዳዳው ግን ባዶውን አድሯል፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ
ዳዶው በስንት ደቂቃ ይወልቅ ነበር? በአሥር? በሃያ?
ዛሬም እንቅልፍ ሲነሣኝ አሰላዋለሁ።

«ማነው?» አላለም። «አስገባት» አለኝ።
አስገባሁ።
«እግሮቿን እጠፋቸው፣ አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ።»
ፒንሳው በእጄ ተንቀጠቀጠ።
«አሁን ፈርም። በስምህ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣
ቋሊማ የለ፣ ካሜራ የለ፣ ተነሣች ወደ ሰማይ።
ራውኒ አንገቷን አቅንታ ስፌቷን ከታች ቆጠረች፤
እኔ የቆጠርኩት አንዲት ነገር ነው።
ኦይቫ ጫካውን አልደፈረም፤ ባየሁት ቁጥር ከበታቹ
ማረፊያ የሚሆን የገብስ ማሳ ነበረ።
«ሞተር እንግዳ ነው» አለኝ ሲወርድ፣
«ሳይሰናበት የሚሄድበት ቀን አለ።»

ያ «ፈራ» ያለው ሰውዬ እኮ እውነቱን ነው።
ፈርቶ ነበር። ሲፈራ ግን እጁ አይንቀጠቀጥም፤
ፍርሃቱን እንደ ካቻቢቴ ደረት ኪሱ ይዞት ይዞራል፣
ሲያስፈልገው አውጥቶ ይሠራበታል።

አሁን ወረቀቱ የኔ ነው፣ እሷም የኔ ናት፤ ክንፏ ሁለቴ ሸራ ቀይሯል።
ኦይቫ ከበረቱ ደጅ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ፣ ያየኛል።
ሠላሳ ስምንቱን አነባለሁ፣ ድምፄን አውጥቼ፤
ከሥር በእርሳስ የጨመርኳት አንዲት መስመር አለች፦
ሐሙስ ማታ ምን እያሰብክ ነበር?