የሰልባትዮው ክዳን

ሦስተኛው ፖምፓ ነው ዘንድሮ የገዛሁት፣
ከደሴ ፒያሳ፣ ከአያ ዳምጠው ቤት።
የፊተኛው «ጃፓን» ተብሎ ተሸጠ፣
ሳምንት ሳይሞላው እያሳለ አቋረጠ።
ሁለተኛውን ደግሞ አንድ ጎረቤት ምሎ፣
«ከመስኖ ሞተር ላይ አሁን የወረደ፣ ገና ትኩስ» ብሎ፣
ሽንኩርት ከሚያጠጣ ሰው አስገዛኝ አታሎ።
ሦስተኛውን እንጃ።

ጀልባዬ «አብሽር» ናት፤ ስሟን ያወጣችው
ሚስቴ ነች፣ ዘምዘም፤ ሸራዋንም የሰፋችው።
የእርዳታ ስንዴ የመጣበት ከረጢት፣
አራቱን ገጣጥማ፣ በሲባጎ፣ በሌሊት፤
«ለሽያጭ አይውልም» የሚል ጽሑፍ አለው፣
ፊደሉ ይነበባል ነፋስ ሲወጥረው።
እኔ ግን ሞተር ካለ ሸራ ምን ይሠራል ባይ ነኝ፤
ጠቅልዬ ጥዬዋለሁ፣ መቀመጫ ሆኖኝ።

የገበያ ለታ፣ ከማዶ ስነሳ፣
ሰባት ሰው፣ ሁለት ኬሻ ሽንኩርት፣ አንድ ቅርጫት ዓሣ፤
እትዬ አበጀች ፓፓያ ታቅፈው፣
አንድ ሕፃን ከእግራቸው ሥር እንቅልፍ ሲወስደው፣
ሐይቁ መሀል ስንደርስ፣ ጥልቁ ሲጠቁር፣
ሞተሩ ሳል ያዘው፤ እህ፣ እህ፣ ከዚያ ጭር።

ያንን ዝምታ ያልሰማ አያውቀውም፤
ውኃው ጎኗን ሲልስ ይሰማል፣ ሌላ የለም።
ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እኔን ነው የሚያየኝ፣
የእጄ የናፍጣ ሽታ ያን ጊዜ አሳፈረኝ።
«ዱአ እናርግ» አሉ ሼህ አሊጋዝ ቀስ ብለው፣
ዲያቆን ልሣኑም «አሜን» አለ ገና ሳይጀምሩ፣ ቀድሟቸው።
እኔ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ አሮጌ ጨርቅ፣
ቱቦውን ነቅዬ ስስብ፣ ስተፋ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ፣
ምላሴ ላይ ናፍጣ፣ ጥርሴ ላይ ዝገት፣
ፖምፓውን ስረግም፣ የዳምጠውን ቤት።

ሸራውን ዘረጋን።
ከአምባሰል በኩል ነፋስ ተንከባሎ፣
«ለሽያጭ አይውልም» አበጠ ቀስ ብሎ።
ለግማሽ ሰዓት መንገድ ሦስት ሰዓት ፈጅተን፣
ገበያው ሲፈታ ፓፓያ ይዘን ገባን።
እትዬ አበጀች ሒሳብ አልከፈሉኝም፤
አልጠየቅኋቸውም።

ሙሄን አስመጣሁት፣ ከውርጌሳ ድረስ።
ፖምፓዬን ይፈታል ስል፣ ጭራሽ ሳይዳስስ፣
«አስነሳው» አለኝ። አስነሳሁ። ሠራ።
ሸንኮራ እየላጠ ከልጄ ጋር አወራ።
ሃያ ደቂቃ ሲሆን፣ ሳሉ ሲጀምረው፣
ብድግ አለና የሰልባትዮውን ክዳን ፈታ አረገው።
ፍስስስ።
ሞተሩ ነፍስ ዘራ፣ እንደ ወትሮው ሮጠ፤
ሙሄ ምንም አላለ፣ ሸንኮራውን ላጠ።

ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ነበረች፣ የመርፌ፤
ማስቲካ አላምጬ የደፈንኳት በአፌ!
አምና ክረምት ዝናብ ናፍጣው ውስጥ ገብቶ፣
ሞተሬን ሲያንቀው፣ ሦስት ቀን አስተኝቶ፣
«እንዲህ ነዋ!» ብዬ ብልሃቴን ወድጄ፣
«እይማ አባትሽን» አልኳት ለልጄ።
ፖምፓውማ ይስባል፣ ናፍጣውም ሞልቷል፤
በወጣው ልክ አየር ካልተተካ ያንቃል።

«ሦስቱን ፖምፓ ምን ላርግ?» ብዬ ብጠይቀው፣
«ደህና ናቸው» አለኝ፣ እጁን ሲጠርገው፤
አንዱን ለድካሙ ወሰደ። ሁለቱ ቁም ሣጥን ላይ አሉ፣
እንግዶች ሲመጡ «ምንድን ነው?» ይላሉ።

ደሴ ስወጣ አሁን ፒያሳን ዞሬ ነው።
ከሱቁ በር ቆሜ፣ ሰው በተሰበሰበው፣
አያ ዳምጠውን «ሌባ» ብዬዋለሁ።
ማስቲካውን ሙሄ በስፒል አወጣው፤
ያንን የሚያወጣ ስፒል የት ነው ያለው?

ጠዋት ጠዋት፣ ገና ገመዱን ሳልፈታ፣
ሉባባ ናት ክዳኑን የምትነካ፣ ቀድማኝ ተነሥታ።
ጆሮዋን ትጥላለች፤ «ይተነፍሳል» ትላለች።
ከዚያ «ተነሥ እስቲ» ብላ፣
የእናቷን ሸራ ከሥሬ ስባ ታወጣለች፣
ለማንኛውም።