እግረ እርጥብ

በደንዲ ከተማ፣ ከቴይ ወንዝ አፋፍ፣
ከማገገሚያው ቤት፣
ዘጠኝ ነበርን ትናንት፤
ዛሬ ስምንት።

ዱጋልድ ጧት ወጣ፣ ሻንጣ አንጠልጥሎ፣
"ሲጋራ ልግዛና መጣሁ" ብሎ።
ለሲጋራ መግዣ ሻንጣ ምን ያደርጋል?
ማንም አልጠየቀ።
የሄደበት መንገድ ሁላችንን ያውቃል።

በዚህ አገር ልማድ፣ ዓመት ሲለወጥ፣
ከእኩለ ሌሊት ኋላ፣
ደፉን ቀድሞ የረገጠ ሰው
እሱው ነው የዓመቱ መላ።
ወንድ ይሁን ይላሉ፤ ጠጉሩም ጥቁር፤
በአንድ እጁ ከሰል፣ በሌላው ውስኪ፣
ምርቃት በአፉ ይዞ ይግባ ከበር።
ሴት ከሆነች ክፉ፤
ቀይ ጠጉር ከሆነች ደግሞ የባሰ፤
በዚያ ቤት ዓመቱን ሙሉ
ሳህን እየተሰበረ፣ ዕንባ እየፈሰሰ።

ጥቁር ጠጉር የነበረው ዱጋልድ ብቻ ነው።
ፊንሌ ዓሣ አጥማጁ መላጣ፤
ሁለቱ ሽማግሎች ሽበት የወረሳቸው፤
የቀረነው ሴቶች። ከሴቶችም እኔ፣
እሳት የመሰለ ጠጉር ከእናቴ የወረስኩ፣
ከነቁጣው ከነወኔ።

"አንቺ ሂጂ" አለች ሴንጋ፣ ወጥ ሠሪያችን፣
ዐሥራ አራት ዓመት ጠብታ ያልቀመሰች፣
ድንች እየላጠች።
"አብደሻል?" አልኳት።
"ቀይ ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ ገና ስድሳ አንድ ቀኔ ነው፤
አምና በዚህ ሌሊት የእናቴን በር መስተዋት
በጠርሙስ ያደቀቅሁ እኔ ነኝ።
እግሬ ደረቅ ነው።"
ሳቀች። "ቤታችንም ደረቅ ነው" አለች፤
"ደረቅ እግር ደረቅ ቤትን ምን ይጎዳዋል?
ካየነው መጥፎ ዕድል የበለጠ
ከየት ይመጣል?"

ለስድስት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ጉዳይ
ከሰሌን ጨብጬ በጓሮ በር ወጣሁ።
ቤቱን ዞሮ በፊት ለፊት መግባት ነው፤
እርምጃውን ቀን ቆጥሬው ነበረ፤
ጨለማው ውስጥ አጣሁ።
ዝናብ፣ በረዶ የቀላቀለ።
ጫማዬ ውሃ አስገባ።
ከአጥሩ ማዶ ጎረምሶች ይዘፍናሉ፤
አንዱ ጠርሙሱን አሻገረልኝ፣
"እንቺ እህቴ፣ ብርዱ እንዳይገባ።"
ደግ ልጅ ነበረ፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤
ደግ እጅ ነው ዘወትር የሚያቀርበው።
ሽታው በቁልምጫ ስሜ ጠራኝ።
ቆምኩ።
ከሰሉ ብቻ ነበረ የያዘኝ።

ያን ጊዜ የወጥ ቤቱ መስኮት በራ።
ሴንጋ ናት፤ እጇ ማብሪያው ላይ፣
አትናገር፣ አትጣራ።
አንድ እርምጃ ሄድኩ።
የልብስ ማጠቢያው ክፍል በራ፤
ፊንሌ፣ በፒጃማ። ሄድኩ።
ቀጥሎ መተላለፊያው።
ቀጥሎ የዱጋልድ ባዶ ክፍል፣ አልጋው እንደተነጠፈ፤
ማን እንደገባ አላየሁም፤ ብቻ በራ።
በግድግዳው ውስጥ፣ በእርምጃዬ ልክ፣
ስምንት ሰው ከኔ ጋራ
ይራመዳል፤
እኔ በዝናብ፣ እነሱ በብርሃን፤
ጡብ ብቻ ይለየናል።

ደወሉ ጮኸ። የወደቡ መርከቦች አጓሩ።
እንዴት እንደደረስኩ እንጃ፣
ፊቴ ላይ ቆሟል በሩ።
አንኳኳሁ።
"ማነው?" አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።
"እኔ ነኝ" አልኩ።
ሌላ ምን አለኝ የምሰጥ?

ደፉን ረገጥኩ።
ከጫማዬ ውሃው ወረደ፤ ምንጣፉ ራሰ።
ፊንሌ አጎንብሶ አየና
"እግሯ እርጥብ ነው!" ብሎ ሳቀ፤
ሳቁን ሳይጨርስ አለቀሰ።
ሴንጋ ከሰሉን ተቀበለች፤
መዳፌ ጠቁሯል፣ መዳፏም ጠቆረ።
"ጠጉርሽ ባይሆን እጅሽ" አለች፤
"ደንቡ ሰመረ።"

አመሰግናለሁ ልል ነበር፤
ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
ዝንጅብሉ ተጠጥቶ፣ ኬኩ ተበልቶ ሲያልቅ
ዘጠኙን ሳህን ብቻዬን አጠብኩ።
አንድም አልሰበርኩ።
ጧት ለእናቴ እደውላለሁ፤
ስለ መስተዋቱ ካነሳች፣
ዝም ብዬ እሰማለሁ።

ወደ መኝታዬ ሳልፍ
የዱጋልድ ክፍል እንደበራ ነው።
ላጠፋ እጄን ዘረጋሁ፤
ተውኩት።
ከደጅ የሚያይ ካለ ይየው።
ዝናቡ አላባራም፤
ዛሬ ሌሊት የሚመጣ እግር ሁሉ
እርጥብ ነው።