ነጭ ክር

ሦስት መቶ አርባ ገጽ፣ በሌሊት ፈረቃ፣
ማሽኑ እያጓራ፣ ሳይነቃብኝ አለቃ፣
በብልሽት መዝገቡ ባልተጻፈበት ጎን
እየሰረቅሁ ጻፍሁት፤ አንዳንዴም በካርቶን።
ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ የጥጡ ብናኝ ያንቃል፤
«የዕቁብ ሒሳብ ነው ወይ?» ትላለች ሰዓዳ፤ ፈረቃው ይስቃል።
እኔም እስቃለሁ።
ልብ የወለደውን፣ ሆድ እንደወለደው፣
አርባ ቀን ሳይሞላው ለዓይን ማን ፈቀደው?

በየዕረፍት ቀኔ፣ ሐረጎን በሚኒባስ፣
ጥምዝምዙን ወጥቼ ደሴ ላይ እስክደርስ፣
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሲያለብስ፣
ዐሥር ገጽ ለይማም፣ ያቅሜን ያህል ብቻ፤
የትየባውን ከፍዬ፣ ማታ ኮምቦልቻ።
ይማም አይጠይቅም። የሰው ሁሉ ጉዳይ፣
ክሱ፣ ውክልናው፣ ፍቺው በጣቱ ሲያልፍ፣ ቀና ብሎ ሳያይ
ይመታል። ነጥብ ይጥላል። ቀጣይ።

ዓመት ሊሞላው ሲል አለቀ።
ከመላኬ በፊት አንድ ተንኮል ሠራሁ፤
ከፋብሪካው ወለል ነጭ ክር አነሣሁ፤
በአርባና በአርባ አንድ ገጽ መሐል አኖርሁ።
ሐዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ሌሊት ስትሻገር፣
ቦርከና ሞልቶ ሲያስፈራ፣ እዚያች ላይ ነበር።
ያነበበ ሁሉ ክሩን ይጥለዋል፤
ያላነበበ ግን ሳያውቅ ያቆየዋል።

ጎሹ፣ የአውቶቡሱ ረዳት፣ ፖስታውን ተቀብሎ፣
«ጫማ ነው ወይስ እህል?» አለኝ በእጁ አንጠልጥሎ።
«ሰው ነው» አልሁት።
እየሳቀ ጣራ ላይ ጫነው፣ ከበርበሬ ጆንያ ጎን።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ስልክ ሆነ።
«ከፋሲካ በኋላ ደውዪ።» ፋሲካ አለፈ።
«ከረመዳን በኋላ።» ጨረቃዋ ታየች፣ ዒዱም አለፈ።
«አርታኢው ታሟል።» አላህ ያሽረው አልሁ፤
ተሻለው፤ ሠርግ ሄደ።
«ወረቀት ተወዷል፣ አንባቢ ጠፍቷል፤
ግማሹን ወጪ ብትችይ ግን ይታሰብበታል።»
ግማሽ? የኔ ደሞዝ ሙሉውም ሩብ ነው።
ሌላኛው ለስለስ አለ፦ «ሸጋ ነው ቋንቋሽ፤
ግን ኮምቦልቻን ማን ያውቃል? ቦሌ ቢሆን፣ እህቴ፣ ታሪክሽ።»
«ወንዙስ?» አልሁት።
«ወንዝ አለው እንዴ?»
እንግዲህ ሐዋ ምን ትሻገር? አስፋልት?

ሦስተኛው መለሰው።
ደሴ መናኸሪያ፣ ከጎሹ እጅ ተቀበልሁ፤
ማዕዘኑ ተልጧል፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ
የሻይ ብርጭቆ ክብ፣ እንደ ማኅተም።
ደብዳቤም አለው፦ «በጥሞና አንብበነዋል፤ ለጊዜው ግን...»

በጥሞና።

አርባን ገለጥሁ።
ክሩ አለ።
እንዳስቀመጥሁት፣ ጫፉ ወደ ግራ ታጥፎ።

አልተናደድሁም ብል ውሸት ነው።
አዝዋ ገደል ድረስ በእግሬ ሄጄ
ገጽ በገጽ ልበትነው አስቤ ነበር፤
ነፋሱ መልሶ ፊቴ ላይ ቢያመጣውስ?
ደግሞ የይማም ዕዳ አለብኝ።

ይማም ብሩን አልቆጠረም።
በሩን አየ፤ ደንበኛ የለም።
ሳል ሳል አደረገው፣ ዓይኑን ከፊደሎቹ ሳያነሣ፦
«የማይመለከተኝ ነገር ነው፣ እህቴ፣ ይቅርታ፤
ሐዋ ግን ወንዙን ከተሻገረች በኋላ
ጫማዋን መልሳ ስታጠልቅ አልጻፍሽም።
እንዲያው በባዶ እግሯ ቀረች?
ጠጠር ነው እኮ ያ ዳር። እኔ እዚያው ነው ያደግሁ።»

ወንበር ሳብሁ።
ጉሙ መስኮቱ ድረስ መጥቷል፤
ክሩ ጣቴ ላይ ተጠምጥሞ ቀርቷል።
«ስንተኛው ገጽ ላይ?» አልሁት፣ እያወቅሁ።
«አርባ አንድ» አለ፣ ሳያይ።

እስክሪብቶ አልነበረኝም፤ የሱን አበደረኝ።
የመጨረሻው ሚኒባስ አመለጠኝ።