የሁለት ፈረቃ ጃኬት

መጋቢት ሐዋሳ ላይ ሰማይ ቃል አይጠብቅም፤
በጋ ነው እንዳትል፣ በጋ እንዲህ አያርስም፣
ክረምት ነው እንዳትል፣ ክረምት አያቃጥልም።
ማለዳ ከሐይቁ የተነሣው ነፋስ ጆሮ ይቆነጥጣል፣
ስድስት ሰዓት ሲሆን የባጃጅ ወንበሩ ጭን ይለበልባል፣
ዘጠኝ ላይ ደመናው ታቦር ጫፍ ተሰብስቦ አንድ ነገር ይመክራል፣
ዐሥር ሳይሞላ
የመከረው ሁሉ አናታችን ላይ ነው።
ይህን ሁሉ ሰማይ
በስንት ልብስ ይችላል አንድ ተራ ሰው?

ቁም ሣጥን የለንም።
ዳቶ፣ እትዬ ብርቅነሽ ግቢ፣ ከጓሮ ሦስተኛው በር፣
ጥቂቱን ዝናብ ብዙ አስመስሎ ከሚያወራ ቆርቆሮ ሥር፣
ሁለት ምስማር አለ፣ በመሀል ሲባጎ፤
የእኔ ልብስ በበሩ በኩል፣ የእሷ በግድግዳው፣
መሀል ላይ ጃኬቱ።
ከአሮጌ ገበያ፣ ከቦንዳ ተራ ነው፤ ተዋጥተን ገዛነው፣
እኔ አራት መቶ፣ እሷ አራት መቶ ሃምሳ።
«ሃምሳዋ የዚፑ ናት» አለች፣ «ለእኔ ነው የሚዘጋው።»
እውነቷን ነው። በእኔ እጅ ግማሽ መንገድ ላይ ይነክሳል።
ቀለሙን ሻጩ ሰማያዊ አለ፣ ዘነበች አረንጓዴ፤
እኔ ዝም አልኩ፤ እንደ ሐይቁ ነው፣ የሰዓት ጉዳይ ነው አንዳንዴ።

ዘነበች ነው ስሟ።
ቦሪቻ ላይ ሰማይ ሰባት ወር ተዘግቶ፣
በተወለደች ዕለት ወረደ አጓርቶ፤
ዘነበ ሊሏት ነበር፣ ሴት ሆነችባቸው።
አሁን ከበር ቆሜ «ዘነበች!» ስል ግን
ጎረቤት ይሮጣል፣ ያሰጣውን ሊያነሣ።

እኔ ቀን ፓርኩ ውስጥ እጅጌ እገጥማለሁ፣ እሷ ሌሊት ኪስ።
የምንሰፋው ደግሞ ስስ ጃኬት ነው፣ ሩቅ አገር የሚለበስ።
«የመሸጋገሪያ ነው» አለ የመስመር አለቃው፣
«ከብርድ ወደ ሙቀት ሲሻገሩ፣ ለዚያች ለሦስት ሳምንት።»
ሦስት ሳምንት!
እኛ በቀን አራቴ እንሻገራለን፣
ድልድዩ አንድ ጃኬት።

ጎሕ ሲቀድ ደጃፍ ላይ እንገናኛለን።
ሰላምታው አጭር ነው፤ ክንዷ ሲወጣ ክንዴ ይገባል።
ሙቀቷ ከእጅጌው ገና አልወጣም፣
የማሽን ዘይት ይሸታል፣ የሌሊት ብስኩት፤
ኪሱ ውስጥ ወረቀት፦ «ውኃ መጥቷል። ሁለት ጀሪካን ሞልቻለሁ።»
ማታ እኔ በተራዬ፦ «ሽሮው ጨው አንሶታል፤ ይቅርታሽን እለምናለሁ።»
አንዳንዴ ዝናቡ ቀድሞ ያገኘኝና እርጥቡን እሰጣታለሁ፤
ምንም አትል፤ ገልብጣ ትለብሰዋለች፣
ስፌቱን ለመንገድ እያሳየች ትሄዳለች።
እንዲህ ሆኖ ስድስት ወር፤
ያወራነው በኪስ፣ የተቃቀፍነው በእጅጌ።

ሚያዝያ ላይ የሌሊቱ መስመር ታጠፈ፤
ዘነበች ቀን ገባች።
ያን ለት ጠዋት ሁለታችንም ሲባጎው ሥር ቆምን፤
«አንቺ ልበሺው።» «ኧረ አንቺ ልበሺው።»
አንድ ብርድ ሁለት ሰው ላይ በአንድ ሰዓት መጣ።
ስንግደረደር ረፈደ፤ ጥለነው ወጣን።
ጃኬቱ ቀረ፣ ሲባጎው ላይ፣
እጆቹን አንጠልጥሎ፣ እንደተቀጣ ልጅ።

ዐሥር ላይ፣ መቼም ይታወቃል፣ ታቦር የመከረው ወረደ፤
ቤት እስክንገባም አላባራ።
እኛ ርሰናል፣ እሱ ደርቋል፤
በስድስት ወሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀዝቅዞ አገኘሁት።
ልማድ ሆኖብኝ እጄን ኪሱ ውስጥ ከተትኩ፤
ባዶ።
ልትጽፍልኝ የነበረው ሁሉ
ፍራሹ ጫፍ ተቀምጦ
ካልሲውን እየጨመቀ፣
«ዛሬስ ጨው አለው?» ይላል።